በአንድ ወረዳ ውስጥ ሙቀቱ ለምን ይህን ያህል ይለያያል? ከፍታ ብቻውን አይበቃም

ሸንተረር

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ወረዳ የሙቀት ካርታ ለመሥራት ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ላይ ያለው የአንድ ጣቢያ መረጃና የከፍታ ካርታ ነው። የተለመደው አሠራር የጣቢያውን ከፍታ መነሻ አድርጎ፣ ሽቅብ ሲወጡ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ እየቀነሱ፣ ቁልቁል ሲወርዱ እየጨመሩ መላውን ወረዳ መሙላት ነው። ለቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ይሄ ብዙም አያሳፍርም። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ሲደርስ ግን ካርታውና መሬቱ አይተዋወቁም፤ ሞቃት ተብሎ የተቀለመው ሸለቆ ውርጭ ሲያድርበት፣ ቀዝቃዛ የተባለው ተዳፋት ደህና ያድራል።

ከከፍታ ሌላ ምን ምን መግባት አለበት? የዕለቱ ደመናና ነፋስስ ምን ያህል ይለውጠዋል? ተጨማሪ ቴርሞሜትር ለመትከል ቢታሰብ የት የት ይሁን?

ጋሽ_ደመና

መጀመሪያ ያን 6.5 የሚባል ቁጥር ቦታ እናስይዘው። የከባቢ አየር አማካይ ተብሎ የተወሰደ እንጂ በአንድ የተወሰነ ቀን በአንድ የተወሰነ ተዳፋት ላይ የሚለካ ቁጥር አይደለም። ደመና ያልፈጠረ አየር ሽቅብ ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ 9.8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ደመና መፍጠር ከጀመረ በኋላ ተኑ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ሞቃትና በጣም እርጥብ አየር ከሆነ ወደ 4 ይጠጋል። ስለዚህ ፀሐይ በጠነከረበት ደረቅ ቀትር 9 ወይም 10፣ ደመናና ነፋስ ባለበት ቀን 6 አካባቢ መያዝ ለሁሉም ቀን አንድ ቁጥር ከመለጠፍ በእጅጉ ይሻላል።

ሌሊት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ከገባች በኋላ መሬት ሙቀቷን በጨረር ወደ ሰማይ ትለቃለች። ጥርት ባለ ሰማይ የተጣራው ኪሳራ በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 100 ዋት ይደርሳል። ዝቅ ያለ ድፍን ደመና ካለ ግን ደመናው ራሱ ወደ ታች ስለሚመልስ ኪሳራው ወደ 10 ወይም 20 ዋት ይወርዳል። ከመሬቱ ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ሲከብድ እንደ ውኃ በፈፋውና በቁልቁለቱ እየፈሰሰ ረባዳው ላይ ይተኛል።

ሦስት ቦታ እንውሰድ፤ የሸለቆ ወለል 1,850 ሜትር፣ የተዳፋቱ ወገብ 1,980 ሜትር፣ አፋፉ 2,240 ሜትር። ደረቅ በሆነ ቀትር ወለሉ 27 ቢሆን ወገቡ 25.7፣ አፋፉ 23.2 ይሆናል። ደመና ባለበትና ነፋስ በሚነፍስበት ሌሊት ወለሉ 13 ከሆነ ወገቡ 12.2፣ አፋፉ 10.7። እስካሁን ሁሉም ከፍታን ይታዘዛል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ግን ወለሉ 4፣ ወገቡ 9፣ አፋፉ 7 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ቦታዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የሰማዩና የነፋሱ ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወረዳ አንድ የሙቀት ካርታ የሚባል ነገር የለም። ቢያንስ ሦስት አለ፤ የቀን፣ የተረጋጋ ጥርት ያለ ሌሊት፣ ደመናማ ወይም ነፋሻማ ሌሊት። ሦስቱን አማክሎ አንድ ማድረግ ለማንም የማይጠቅም ካርታ ይሰጣል።

ጤዛ

ጋሽ ደመና መሠረቱን ጥለውልናል። እኔ የቀዝቃዛ አየር ማጠራቀሚያውን ልዘርዝረው፤ ሁሉም ሸለቆ እኩል አይቀዘቅዝም።

የመጀመሪያው ጥያቄ “መውጫ አለው ወይ?” ነው። ወንዙን ተከትሎ ሰፊ አፍ ያለው ሸለቆ አየሩን ቁልቁል ያስተላልፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ያለ ነፋስ ስላለው ቅዝቃዜው መጠነኛ ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ጎድጓዳ ወይም አንገቱ የጠበበ ሸለቆ ግን የገባውን አየር አያስወጣም። እስከ ጫፍ የሄደውን ምሳሌ ለማየት፣ ኦስትሪያ ውስጥ ግሽቴትነራልም በሚባል ጎድጓዳ በ1932 ከዜሮ በታች 52.6 ዲግሪ ተለክቷል። ቦታው ግን 1,270 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ከሱ እጥፍ በሚረዝሙት የአልፕስ ጫፎች ላይ እንኳ ይህን ያህል ቅዝቃዜ የተለመደ አይደለም። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ፒተር ሲንክስ በተባለው ጎድጓዳ ደግሞ በየካቲት 1985 በፈረንጆች አቆጣጠር ከዜሮ በታች 56.3 ተመዝግቧል። እዚያ ዛፍ የሚበቅለው በዳገቱ ላይ ሲሆን የጎድጓዳው ወለል ዛፍ አልባ ነው፤ የዛፍ ወሰን የሚባለው መስመር ተገልብጦ ማለት ነው።

ሁለተኛው የተዳፋቱ ወገብ ነው። ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአፋፉ ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ሌሊት ላይ ከሁለቱም የሚሞቅ ቀበቶ አለ። ከበላዩ የቀዘቀዘው አየር አልፎት ይወርዳል፣ በምትኩ ከሸለቆው መሐል ያልቀዘቀዘ አየር ይመጣለታል። ውርጭ የሚፈራ ተክል የሚተከለው እዚህ ነው።

ይህ ቀበቶ የት እንደሚጀምር ያለ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ሊነጋ ሲል ከሸለቆው የሚወጣ ጢስ ካለ ተመልከቱት። ጥቂት ቀጥ ብሎ ይወጣና ድንገት ቆሞ ወደ ጎን ይነጠፋል። የተነጠፈበት ከፍታ የቀዝቃዛው አየር ጣሪያ ነው። ጠዋት የተኛው ጉም የላይኛው ጠርዝም እንዲሁ። በተለያዩ ቀናት ያንን ጠርዝ ከአንድ ከታወቀ ዛፍ ወይም ቤት ጋር እያመሳከሩ ምልክት ማድረግ ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

ቁልቁለት

ጤዛ ያለችው ላይ ሰው ሠራሹን ልጨምር። ቀዝቃዛው አየር ወገብ በማይሞላ ጥልቀት የሚፈስበት ተዳፋት ብዙ ነው፤ ይህን የመሰለ ስስ ፍሰት ለመገደብ ትልቅ ነገር አያስፈልግም። በተዳፋቱ አግድም የተሠራ የድንጋይ ካብ፣ ከመሬት ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ አጥር፣ የመንገድ ሙሊት (መንገዱን ከፍ ለማድረግ የተከመረ አፈር)፣ ሁሉም ከበላያቸው ቅዝቃዜ ያቁራሉ። አዲስ መንገድ በወጣ ማግስት በፊት ውርጭ የማያውቀው ማሳ ውርጭ የሚጀምረው በዚህ ነው።

መፍትሔው እንደ ቦታው ነው። አጥሩ ከማሳው በታች ከሆነ የታችኛውን አንድ ሜትር ቅርንጫፍ መመልመል ወይም ፈፋው በሚያልፍበት በኩል በር መክፈት። ከማሳው በላይ ከሆነ ተቃራኒው ይሠራል፤ ጥቅጥቅ ያለውን አጥር ትንሽ አግድሞሽ ሰጥቶ በመትከል የሚመጣውን አየር ወደ ጎን ማስቀየስ። ሁለቱን አምታቶ የላይኛውን ከፍቶ የታችኛውን መዝጋት ማሳውን ጉድጓድ ያደርገዋል።

ሙሊት ሥር ያለ የውኃ ማፋሰሻ ቱቦ ለውኃ ይበቃ ይሆናል፣ ለአየር ግን አይበቃም። እሱን አትቁጠሩት።

ፀሐይ_በር

የቀኑን ካርታ በተመለከተ ተዳፋቱ ወዴት እንደሚያይ ካልገባ ሥራው ጎዶሎ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ከአድማስ 40 ዲግሪ ላይ ብትሆን፣ ጠፍጣፋ መሬት ቀጥተኛ ጨረሩን 64 በመቶ ይቀበላል። 20 ዲግሪ ያዘነበለና ፊቱን ወደ ፀሐይ ያደረገ ተዳፋት 87 በመቶ፣ በዚያው ልክ ጀርባውን የሰጠ ደግሞ 34 በመቶ ብቻ። አንድ ጉብታ በሁለት ጎኑ ከእጥፍ በላይ ልዩነት አለው ማለት ነው። ልዩነቱ በዋናነት የሚታየው በአፈሩ ሙቀትና በእርጥበቱ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ስለሚቀላቀል ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ ስለዚህ የአፈር ሙቀት ካርታና የአየር ሙቀት ካርታ አንድ አይደሉም።

ከምድር ወገብ በራቀ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት ይሞቃል፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ሰሜን የሚያየው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን ፀሐይ ከዓመቱ ከፊሉን በሰሜን ከፊሉን በደቡብ ስለምታልፍ ብልጫው ይፈራረቃል፤ የሚወስነው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። በተለምዶ ምዕራብ የሚያየው ይበልጥ ይሞቃል፣ ምክንያቱም የጠዋቷ ፀሐይ ምሥራቁ ላይ የምታጠፋው ጉልበት ጤዛ በማድረቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን አየሩም አፈሩም ቀድሞ ሞቋል። ከሰዓት በኋላ ደመና በሚቋጥርበት ወቅት ግን ይሄ ይገለበጣል። ምሥራቁ ንጹሕ ፀሐይ ሲያገኝ ምዕራቡ ተራው ሲደርስ ሰማዩ ተሸፍኗል። ወቅቱን ሳይጠይቁ “ምዕራብ ይሞቃል” ብሎ መደምደም አያዋጣም።

የጥላ ጉዳይም አለ። ምሥራቁ በገደል የተጋረደ ሸለቆ ፀሐይ ዘግይታ ስለምታገኘው የሌሊቱ ቅዝቃዜ እዚያው ይቆያል።

ሸንተረር

ውኃስ? ሐይቅ ወይም በመስኖ የሚለማ ሜዳ ወረዳው ውስጥ ካለ እስከ ምን ድረስ ይቆጠራል? ከተማውንስ ለብቻው ላውጣው?

ጤዛ

ከእርጥበት እንጀምር። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲተን ወደ 2.45 ሜጋ ጁል ሙቀት ይወስዳል። ያ ጉልበት አየሩን ለማሞቅ አይውልም። ስለዚህ ረጥቦ የዋለ ማሳ ከጎኑ ካለው ደረቅ መሬት ቀን ላይ ይቀዘቅዛል፤ በዝናብ ወራት ቀኑ የማይግለው በደመናው ምክንያት ብቻ አይደለም።

ሌሊት ደግሞ እርጥብና የተጠቀጠቀ አፈር ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ከጥልቁ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ደረቅና አዲስ የታረሰ አፈር፣ ወይም በገለባ የተሸፈነ፣ በውስጡ አየር ስለያዘ ሙቀት አያሳልፍም፤ ገጽታው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ውርጭ በሚያሰጋበት ሳምንት ማሳን መኮትኮት ወይም በገለባ መሸፈን ለእርጥበት ጥሩ ቢሆንም ለውርጭ መጥፎ ነው። የሚመከረው ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ማርጠብ ነው።

ሌላው የጤዛ ነጥብ ነው። አየሩ እየቀዘቀዘ እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጤዛ መቋጠር ይጀምራል፣ የሚለቀቀው ሙቀትም የቅዝቃዜውን ፍጥነት ይገታዋል። በእርጥብ አካባቢ የምሽቱ የጤዛ ነጥብ 8 ከሆነ የንጋቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከ8 ብዙም አይርቅም። አየሩ ደረቅ ሆኖ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች ከሆነ ግን የሚገታው ነገር የለም፤ ነጩ በረዶ ሳይታይ ቅጠሉ ጠቁሮ የሚገኘው በዚህ ዓይነት ሌሊት ነው። ፀሐይ እንደገባች የጤዛ ነጥቡን፣ ነፋሱንና ደመናውን ያየ ሰው የሌሊቱን ዋና ነገር ያውቃል።

ሐይቅ የቀኑን ግለት ይቀንሳል፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል። ቀን ከውኃው ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብሱ ወደ ውኃው የሚነፍስ ነፋስ አለው። ተጽዕኖው ጎልቶ የሚታየው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ መሐል ላይ ጉብታ ካለ እዚያው ይቆረጣል። ትንሽ ኩሬ ከሆነ ከዳርቻው አልፎ ካርታ ላይ አትጻፈው።

ጋሽ_ደመና

ከተማውን በሚመለከት፦ አዎ፣ ለብቻው ይውጣ፤ ግን ለሌሊቱ ካርታ። እንግሊዛዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ሉክ ሃዋርድ የለንደንን ሙቀት ከዙሪያው ገጠር ጋር አነጻጽሮ ከተማው ሌሊት ሌሊት እንደሚሞቅ ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ድንጋይና ኮንክሪት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል፣ ግድግዳዎቹም እርስ በርሳቸው ሰማዩን ስለሚጋርዱ ጨረሩ እንደልቡ አያመልጥም። ቀን ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በነፋሻማ ሌሊትም ይጠፋል።

ቁልቁለት

ጋሽ ደመና፣ እዚህ ላይ በትንሹ እለያለሁ። በወረዳ ደረጃ ያለ አነስተኛ ከተማ ዛፍ የበዛበትና ቤቶቹ የተራራቁ ከሆነ ለብቻ ቀለም መስጠት ካርታውን ያሳስታል። ከተማው ረባዳ ላይ ከተቆረቆረ እንዲያውም ከዙሪያው ቀዝቃዛ ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ ይለካ፤ ልዩነት ካልታየ ይተው።

ጋሽ_ደመና

መለካቱ ላይ አንጣላም። ግን የምትለካው ንጽጽር አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይሁን፤ ረባዳ ላይ ያለን ከተማ ከዳገት ገጠር ጋር ማወዳደር ስለ ከተማው የሚነግርህ ነገር የለም። ያንኑ ረባዳ ተከትለህ ከከተማው ውጭ ያለውን ነጥብ ውሰድ።

ሎገር

አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ። ከላይ የተባለው አብዛኛው የጥቂት ዲግሪ ጉዳይ ነው፤ አለቦታው የተተከለ መሣሪያ ብቻውን ያን ያህል ይዋሻል።

ሴንሰሩን ከመትከላችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ዕቃ ፈትሹ። የተከተፈ በረዶ በንጹሕ ውኃ ሙሉት፣ በረዶው ይብዛ፣ እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ ዜሮ ማንበብ አለበት። 0.4 ካነበበ 0.4 ይቀነሳል ማለት ነው፤ በየሴንሰሩ ላይ ጻፉት። ውኃ የማያስገባው ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ዲጂታል የሙቀት ሴንሰር በአምራቹ መሠረት በ0.5 ዲግሪ ውስጥ ነው ትክክለኛነቱ። ሁለት ሳይፈተሹ የተተከሉ ሴንሰሮች የአንድ ዲግሪ ልዩነት ከምንም ተነስተው ሊፈጥሩ ይችላሉ። ውኃ የሚያስገባ የእርጥበት ሴንሰር ከሆነ በረዶ ውስጥ አይነከርም፤ እሱን ጥላ ውስጥ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ሙሉ ቀን ማወዳደር ነው።

ከፍታው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር፣ በሁሉም ቦታ እኩል። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የሚያዘው ይህንኑ ነው። አንዱን 1.3 ሌላውን 2 ላይ ከሰቀላችሁት በተረጋጋ ሌሊት የምትለኩት የከፍታውን ልዩነት ነው። ሳር ላይ ያለው ሙቀት ጥርት ባለ ሌሊት ከዚህ ከፍታ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቴርሞሜትሩ 3 እያነበበ መሬቱ ውርጭ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ሴንሰሩን ከፀሐይ የሚጋርደው መከላከያ ነጭ፣ በየደረጃው የተደራረበ፣ አየር የሚያሳልፍ ይሁን። ዝግ ነጭ ሣጥን መከላከያ አይደለም፤ ውስጡ ምድጃ ይሆናል። ነፋስ በሌለበት ቀትር ደህና የሚባለውም መከላከያ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ ዓይነቱ በሁሉም ጣቢያ አንድ ይሁን። ከግድግዳና ከዛፍ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ራቁ፤ አስፋልት፣ ቆርቆሮ ጣሪያና የውኃ ቦይ አጠገብ አትትከሉ። በየ10 ደቂቃው መመዝገብ ይበቃል።

ቦታ ምርጫ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ሁሉንም መንገድ ዳር መትከል ነው። አምስት ብቻ ካሏችሁ አንዱ የረባዳው ወለል፣ አንዱ የተዳፋቱ ወገብ፣ አንዱ አፋፍ፣ አንዱ ተቃራኒው ተዳፋት፣ አምስተኛው ከነባሩ ጣቢያ ጎን ይሁን። ይህ አምስተኛው የብክነት ይመስላል፤ ግን የእናንተን ቁጥር ከጣቢያው የረጅም ጊዜ መዝገብ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው።

መሐል ያለውን በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት መሙላት ይቻላል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፈጣን ሴንሰር ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ከፊት ታስሮ፣ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ፣ ከጂፒኤስ ጋር። ሁልጊዜ ወደ ተነሣችሁበት ተመለሱ። ስትነሱ 8.0፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ እዚያው ስትደርሱ 6.8 ከሆነ ሌሊቱ በየደቂቃው 0.02 ቀዝቅዟል። በ30ኛው ደቂቃ በለካችሁት ላይ 0.6 ትጨምራላችሁ። ይህን ያልሠራ ሰው ዘግይቶ የደረሰበትን ቦታ ሁሉ “ቀዝቃዛ” ብሎ ይመዘግባል።

ሸንተረር

ሎገር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ለብቻው ይበቃ ነበር። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ተራራው በሁለቱ ወገን በእኩል ከፍታ ላይ ያሉ ቦታዎች አንዳንድ ቀን የ5 ዲግሪ ልዩነት ያሳያሉ፣ ደመናማ በሆነ ቀንም ጭምር። ይሄስ የፀሐይ ጉዳይ ነው?

ፀሐይ_በር

አይደለም፣ ነፋስ ተራራውን ሲሻገር የሚመጣ ነው። አስላው፦ 500 ሜትር ላይ 20 ዲግሪ የሆነ እርጥብ አየር ወደ 1,000 ሜትር ሲወጣ በ9.8 ሒሳብ ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። እዚያ ደመና ጀመረ እንበል። ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር በ6 ሒሳብ 9 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ጫፉ ላይ 6 ሆነ። ዝናቡን በወጣበት ወገን አራግፎ ወደ ማዶ ሲወርድ ደመና ስለሌለው ሙሉ መንገዱን በ9.8 ይሞቃል፤ 2,000 ሜትር ወርዶ 19.6 ይጨምራል። ማዶ 500 ሜትር ላይ 25.6 ሆነ። አምስት ዲግሪህ ይኸው፣ ደረቅም ነው።

ዝናብ ባይዘንብም ሊሆን ይችላል፤ ከጫፉ ከፍታ ያለው አየር በቀጥታ ሲወርድ ይሞቃል፣ ሸለቆው ውስጥ የተኛውን ቀዝቃዛ አየርም ጠራርጎ ያወጣል። አሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስፒርፊሽ በተባለ ከተማ በጥር 22 ቀን 1943 በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 የነበረው ወደ 7 ዲግሪ የወጣው በዚህ ዓይነቱ ነፋስ ነው። ካርታህ ላይ የምታስገባው የተራራውን አቅጣጫ ሳይሆን የዕለቱን ነፋስ አቅጣጫ ከተራራው ጋር አገናኝተህ ነው።

ጋሽ_ደመና

እንግዲህ ወደ ካርታው። ቀናቱን በሦስት ክፈላቸው። ሌሊቱ የተረጋጋ የሚባለው የነፋሱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ2 ሜትር በታች ሆኖ ደመናው ከሰማዩ ሩቡን የማይሸፍን ሲሆን ነው። ከ3 እና 4 ሜትር በላይ ሲነፍስ አየሩ ስለሚቀላቀል ማጠራቀሚያው ይፈርሳል፤ ጥልቅ ጎድጓዳ ካልሆነ።

ለቀንና ለደመናማ ሌሊት ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ዋናው ተለዋዋጭ ነው። ለተረጋጋ ሌሊት ግን ሌላ ከፍታ አስላ፤ እያንዳንዱ ነጥብ በ500 ሜትር ወይም በአንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያው ካለው ዝቅተኛ ቦታ ምን ያህል ከፍ ይላል የሚለውን። ዜሮ የሚጠጋው ሁሉ የቅዝቃዜ መተኛ ነው፣ ከ50 እስከ 150 ሜትር ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ የሞቃቱ ቀበቶ ነው፤ ቁጥሩን ግን በራስህ ወረዳ በጢሱና በጉሙ ጠርዝ አስተካክለው። ሲያልቅ አንድ ጣቢያ አውጥተህ በቀሩት ገምተው፣ ከተለካው ጋር አወዳድር፣ በየተራ ሁሉንም። ረባዳው ሲወጣ ስሕተቱ ከዘለለ ሌላ ረባዳ ውስጥ ጣቢያ ያስፈልግሃል ማለት ነው።

ሎገር

መዝገቡ በእጅ የሚነበብ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቴርሞሜትርም ካለው፣ የንባቡ ሰዓት ይጠየቅ። ከሰዓት በኋላ ግለቱ ሳይበርድ አንብቦ ጠቋሚውን ወደ ሰዓቱ ሙቀት የሚመልስ መዝጋቢ የዛሬውን ግለት ለነገም ያስተላልፋል፤ ነገ ቀዝቃዛ ከሆነ የዛሬው ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ አማካዩም ያለአግባብ ይወጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚነበብ ከሆነ ዝቅተኛው የዛሬ፣ ከፍተኛው የትናንት ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ጣቢያ በተለያየ ሰዓት የሚነበብ ከሆነ በ10 ደቂቃ ከሚመዘግበው መሣሪያ ጋር እስኪገናዘብ ድረስ ካርታው ውስጥ አንድ ላይ አይግቡ።